ድንጋይ ይነሣል፣ ዓለት ግን አይነሣም፦ የስግድ ወረቀቶቻችን ስለጎደሏቸው ቃላት

የኼሽቫን ወር ሲገባ በቤርሼባ ትምህርት ቤቶች፣ ማትናሶችና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ስግድ የሚያስረዱ ወረቀቶች ይታደላሉ። በአንዱ ገጽ ዕብራይስጥ፣ በሌላው ገጽ አማርኛ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ልጅ ከአያቱ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ወረቀት ከሁለት በኩል ማንበብ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ሽኩና ቤት ውስጥ እጄ የገቡትን ወረቀቶች አስቀምጬ ነበር። በቅርቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መልሼ አነበብኳቸው፤ ስለ መሬቱ ምን ይላሉ? ሰዎቹ የወጡበት ከፍታ፣ የተሸከሙት ነገር፣ ቆመው የጸለዩበት ቦታ በምን ስም ተጠራ? ያገኘሁት አራት ቃል ነው፤ ተራራ፣ ድንጋይ፣ ዋሻ፣ ቅዱስ ቦታ። የዕብራይስጡ ገጽም እንደዚያው አራት ነው፤ ሃር፣ ኤቨን፣ መዓራ፣ ማኮም ካዶሽ። በቃ።

ይህ ጽሑፍ በነዚህ ወረቀቶች ላይ የቀረበ ትችት ነው። የተጻፉት በጥድፊያና በትንሽ ገንዘብ እንደሆነ ስለሚገባኝ አዘጋጆቹን መውቀስ አልፈልግም። ግን የጎደሉት ቃላት እንዲሁ ለጌጥ የሚጨመሩ አይደሉም። እነሱ ሲጎድሉ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ወላጆቻችን የኖሩበትን አገር በዓይነ ልቡናችን ማየት ያቅተናል። ሁለተኛውና የሚያሳስበኝ፣ ስግድ ድንጋይና ተራራ የሚመለክበት በዓል ይመስላል። በተለይ በዕብራይስጥ ለሚያስብ ሰው። ይህን ለማሳየት ከትናንሾቹ ድንጋዮች ልጀምር።

ከጣት እስከ እግር

ሕንጻችን ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ከነዚህ ወረቀቶች በአንዱ ላይ የነበረውን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ሰዎች አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ቆመዋል። ከሥሩ በአማርኛ «ድንጋይ» ተብሎ ተጽፏል። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩትና «ዓለት ነዋ» አሉኝ። «ድንጋይ ተብሏል እኮ» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ድንጋይ ይነሣል። ይሄን ማን ያነሣዋል?» አሉ።

ትልቅ ትምህርት ነው የሰጡኝ። የአማርኛ የድንጋይ ስሞች በአብዛኛው የሚለዩት የሰው አካል ከነገሩ ጋር ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ነው። አሸዋ ይታፈሳል። ጠጠር በጣት ይያዛል። ድንጋይ በእጅ ይነሣል፣ በትከሻ ይሸከሙታል። ቋጥኝ አይነሣም፤ ሰው ተባብሮ ቢገፋው ግን ይንከባለላል። ዓለት ከመሬቱ ጋር አንድ ነው፤ ይቆሙበታል፣ ይጠለሉበታል፣ ሲበረቱ ይፈለፍሉታል፣ ከቦታው ግን አይነቀንቁትም። ላሊበላ ላይ ያሉት አሥራ አንዱ ቤተ ክርስቲያናት «ከዓለት የተፈለፈሉ» ይባላሉ። ከድንጋይ የተሠሩ ብንል ሌላ ነገር ነው የሚሆነው፤ ሰው ድንጋይ አምጥቶ ደርድሮ ገነባቸው ማለት ይሆናል። አንድ ቃል ሲቀየር ጠቅላላው የአሠራር ዘዴ ይቀየራል።

ከዚያ ደግሞ የሥራ ስሞች አሉ። አፈሩ ስስ ሆኖ ድንጋይ የበዛበት መሬት ጭንጫ ነው፤ ጭንጫ የደረሰው ገበሬ ምን ዓይነት ዓመት እንደሚጠብቀው ያውቃል። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተደረደረ ድንጋይ ካብ ነው፤ በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተያያዘው ግንብ። በመሮ የተስተካከለው ጥርብ ነው። ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚስለው ባልጩት ነው፤ የሙሴ ሚስት ጺፖራ ልጇን የገረዘችበት ስለታም ድንጋይ በአማርኛ ስሙ ይኸው ነው። ድስት የሚጣድባቸው ሦስቱ ጉልቻ ናቸው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን ተረት ብዙዎቻችሁ ከእናቶቻችሁ ሰምታችኋል፤ ጉልቻ ድንጋይ መሆኑን ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በጋዝ ምድጃ ያደገ ሰው ባያውቅ አይፈረድበትም።

እነዚህ ቃላት የገበሬና የወጥ ቤት ብቻ አይደሉም፤ የእኛ ማኅበረሰብ የሙያ ቃላትም ናቸው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከቤተ እስራኤል መካከል ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የብረትና የሸክላ ሥራው ደግሞ የታወቀ ነው። ጥርብን ከካብ፣ ግንብን ከግድግዳ መለየት ለነዚያ ሰዎች እንጀራቸው ነበር። በወረቀቱ ላይ ሁሉንም «ድንጋይ» ስንላቸው የሙያቸውንም ስም አብረን እናጠፋለን።

ዕብራይስጥ ለዚህ ቃል ያንሰዋል እንዳትሉኝ። አያንሰውም። ሐጻጽ ለጠጠር፣ ኤቨን ለድንጋይ፣ ሴላ ለዓለት፣ ማጾቅ ለገደል፣ ሐላሚሽ ለጠንካራው ድንጋይ አለው። ኔጌቭ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ማኽቴሽ አለ። ማኽቴሽ ራሞን ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቲዩል ያልሄደ የቤርሼባ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ቃሉ ግን መጀመሪያ የቤት ዕቃ ስም ነው፤ እህልና ቅመም የሚወቀጥበት፣ ማለትም ሙቀጫ። መሬቱ መካከሉ ጎድጉዶ ዙሪያው ቀጥ ብሎ ስለቆመ በሙቀጫ ተመሰለ። ለአያታችሁ «ሙቀጫ የሚባል ሸለቆ ሄድን» ብትሏት ሳታየው ቅርጹ ይገባታል። «ማኽቴሽ» ብቻ ብትሏት ግን የቦታ ስም ብቻ ሆኖ ይቀርባታል። ስለዚህ ሁለቱም ቋንቋዎች ሀብታም ናቸው። ድሃ የሆነው በመካከላቸው የሠራነው ድልድይ ነው።

አምባ የሌለው ስሜን

ከሁሉ በላይ የጎዳን የአንድ ቃል መጥፋት ነው፤ አምባ። አምባ ማለት አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ከፍታ ነው። በጠባብ መውጫ ይወጣል፤ አንዳንዱም፣ እንደ ደብረ ዳሞ፣ በገመድ ካልሆነ አይወጣም። ውኃ ካለው ከላዩ ላይ መኖር፣ ማረስና ከብት መጠበቅ ይቻላል። ጠላት ሲመጣ መንገዱን መዝጋት ነው። ስለዚህ አምባ የመሬት ቅርጽም፣ ምሽግም፣ መንደርም ነው። ወረቀቶቹ ላይ ግን «ተራራ» ይላል፤ በዕብራይስጡም «ሃር»። ሃር ሲባል በቤርሼባ ልጅ ሐሳብ የሚመጣው ጫፉ ሹል የሆነ ሥዕል ነው። በሹል ጫፍ ላይ ደግሞ ሕዝብ አይኖርም።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቀኛል? የቤተ እስራኤል ታሪክ ከባዱ ክፍል የተፈጸመው በስሜን አምባዎች ላይ ስለሆነ ነው። ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ሠርፀ ድንግል ከ1579 ጀምሮ በስሜን የቤተ እስራኤል መሪዎች ላይ ዘምቷል። የዘመቻው ወሬ የተጻፈው በንጉሡ ዜና መዋዕል በግዕዝ ሲሆን፣ ዮሴፍ ሃሌቪ በ1907 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሞታል። ከላይ ያሉት ሰዎች ቋጥኝ እያንከባለሉ ሠራዊቱን ይመክቱ እንደነበር ይነገራል። አንዲት የተማረከች ሴት ከማራኪዋ ጋር ታስራ ስትሄድ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ የአምላኳን ስም ጠርታ ራሷን እንደወረወረች፣ እሱንም ይዛው እንደወረደች በዚያው ታሪክ ይገኛል።

ይህን ታሪክ «በተራራ ላይ ድንጋይ ወረወሩ» ብላችሁ ጻፉት። የልጆች ጠብ ይመስላል። «ከአምባው ላይ ቋጥኝ አንከባለሉ፤ ሴቲቱ ከገደሉ አፋፍ ተወረወረች» ብላችሁ ጻፉት። አሁን የት እንደቆሙ፣ ለምን ትንሽ ሕዝብ ትልቅ ሠራዊትን መመከት እንደቻለ፣ መውጫው ሲሰበር ለምን መሸሻ እንደሌለ ይታያል። ሦስት ቃላት ናቸው ልዩነቱን ያመጡት፤ አምባ፣ ቋጥኝ፣ አፋፍ።

እዚህ ላይ ሁላችሁም የምታውቁትን ቦታ ላንሣ። መጻዳ። በሽቪል ሃናሃሽ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታችሁ፣ ፀሐይ በሙት ባሕር ላይ ስትወጣ ፎቶ ተነሥታችኋል። መጻዳ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል፣ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ያለው፣ በጠባብ መንገድ የሚወጣ ቦታ ነው። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለ፤ አምባ። መጻዳ አምባ ነው። ከስሜን የመጣ ሽማግሌ መጻዳን ሲያይ ማንም ማስጎብኘት አያስፈልገውም፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተመረጠ፣ በየት በኩል እንደሚሰበር ከእናንተ በፊት ያውቃል።

ታሪኮቹም ይመሳሰላሉ፤ የተከበበ ሕዝብ፣ ገደል፣ እጅ ከመስጠት ሞትን መምረጥ። የምንጮቹም ችግር ይመሳሰላል። በ73 ወይም በ74 እ.ኤ.አ. መጻዳ ላይ የሆነውን የጻፈልን ዮሴፍ ቤን ማቲትያሁ ብቻ ነው፤ እሱም ሲጽፍ በሮማውያን ጥላ ሥር ነበር። የስሜኑንም የጻፈልን የአሸናፊው ንጉሥ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ የጠላት ጸሐፊ ጀግንነትን ሲያደንቅ የራሱን ድል እያገዘፈ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ንጽጽር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ያልሠራነው መጻዳ «ምሽግ»፣ ስሜን ደግሞ «ተራራ» ተብለው በሁለት የተለያዩ መሳቢያዎች ስለተቀመጡብን ነው። የጋራ ስማቸው አምባ መሆኑን የነገረን የለም።

ቦታውን ማን ቀደሰው?

አሁን ወደ አራተኛው ቃል ልምጣ፤ ቅዱስ ቦታ፣ ማኮም ካዶሽ።

በኢትዮጵያ ውስጥ የከበሩ ቦታዎች ስም ብዙውን ጊዜ ከመሬቱ የተወሰደ ነው። ደብር በግዕዝ ተራራ ማለት ነው፤ ዛሬ በአማርኛ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሆኗል። ገዳም በግዕዝ ዱር፣ ምድረ በዳ ነበር፤ ዛሬ የመነኮሳት መኖሪያ ነው። በዓት ዋሻ ነው፤ የመነኩሴ ማረፊያም ነው። አድባር የሚለው ቃል ደግሞ በግዕዝ የደብር ብዙ ቁጥር፣ «ተራሮች» ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን የመንደር ጠባቂ መንፈስ፣ ትልቅ ዛፍ ወይም ድንጋይ ሥር ያለ የልመና ቦታ ይጠራበታል። በነዚህ ስሞች መሬቱ ይቀድማል፤ ክብሩ ከመሬቱ ላይ ያርፋል።

የቤተ እስራኤልን የጸሎት ቦታ ስሞች ከነዚህ አጠገብ አስቀምጧቸው። ጸሎት ቤት፤ የሚጸለይበት። መስጊድ፤ የሚሰገድበት። ስግድ፤ መስገድ። ሦስቱም የድርጊት ስሞች ናቸው፤ ስለ ድንጋይም፣ ስለ ተራራም፣ ስለ ዋሻም አይናገሩም። መስጊድ የሚለው ቃል የአረብኛው መስጂድ ዘመድ ስለሆነ አንዳንድ ልጆች ሲሰሙት ይደነግጣሉ፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ የሴም ቋንቋዎች አንድ ሥር ተካፍለው ነው። ቁም ነገሩ ስሙ ሰው የሚሠራውን መናገሩ ነው።

የስግድም ሥርዓት ይህንኑ ይላል። በኼሽቫን 29፣ ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ፣ ሕዝቡ ጾሞ፣ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ወደ ከፍታው ይወጣል። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይወጣሉ፤ በግዕዝ ይነበባል፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል፤ የሲና ሕግና የነህምያ ኪዳን ይታወሳሉ። ይሰገዳል። ከሰዓት በኋላ ተወርዶ ይበላል፣ ይዘፈናል። በመጨረሻዎቹ አሥርተ ዓመታት እጅግ የታወቀው የአምቦበር ስግድ ነበር። ለዚህ የሚመረጠው ቦታ ከፍ ያለና ንጹሕ መሆን ነበረበት። ንጹሕ፤ ማለትም ሬሳ ያላረፈበት፣ ያልረከሰ። ተራራው በራሱ ኃይል ስላለው የተመረጠ አይደለም፤ ለሥራው የሚሆን ስለሆነ ነው።

ድንጋዩስ? የሚወጡት ሰዎች ድንጋይ በራሳቸው ወይም በትከሻቸው ተሸክመው ይወጡ እንደነበር ይታወቃል። ለትሕትና፣ ለንስሐ፣ ራስን ዝቅ ለማድረግ። ከላይ ሲደርሱ የጸሎቱን ቦታ በከበበው ካብ ላይ ያስቀምጡታል። ልብ በሉ፤ ድንጋይ ነው፣ ዓለት አይደለም። የሚነሣ፣ የሚከብድ፣ ተራ ድንጋይ። ከመንገድ የተነሣው ነገር ትርጉም ያገኘው አንገትን ስላጎነበሰ ነው። ካቡም በየዓመቱ ከነዚህ ሸክሞች እያደገ ይሄዳል፤ አጥሩን የሠራው የሕዝቡ ድካም ነው ማለት ይቻላል።

ይህን አሁን ወረቀቶቹ በሚሉት ዕብራይስጥ ስሙት። ሕዝቡ ድንጋይ፣ ኤቨን፣ ይዞ ወደ ቅዱስ ተራራ ወጥቶ ይሰግዳል። መስገድ በዕብራይስጥ ሊስጎድ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሥሩ አንድ ነው፤ መዓዛው ግን ሌላ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የዕብራይስጥ ክፍሎች ይህ ግሥ የሚገኘው በኢሳይያስ ብቻ ነው፤ እዚያም እንጨት ጠርቦ ወይም ወርቅ አቅልጦ ለሠራው ጣዖት ስለሚሰግድ ሰው ነው የሚናገረው። ዛሬም ስጊዳ ሲባል ጣዖት ወይም ታዋቂ ዘፋኝ ነው የሚታሰበው። በግዕዝና በአማርኛ ግን ሰገደ ንጹሕ ቃል ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚደረግ ትሕትና። ስለዚህ የአማርኛው ገጽ ስለ ትሕትና ሲናገር፣ የዕብራይስጡ ገጽ ያለ ማብራሪያ ከቀረበ ስለ ድንጋይ አምላኪዎች የሚናገር ይመስላል። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ሕዝብ!

ይህ ቀልድ አይደለም። ማኅበረሰባችን አይሁድነቱን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ የኖረ ነው። ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ሕጉ ቀኑን አስከበረ፤ ቃሉን ማስከበር ግን የእኛ ሥራ ነው።

አንድ የሚፈትነኝ ነገር አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ቤተ እስራኤል መነኮሳትም ነበሯቸው፤ ሆሃርዋም በአባ ጽብራ ስም የታወቀ፣ ሰዎች ለስእለት ረጅም መንገድ ሄደው የሚሳለሙት ቦታ ነበር። እዚያ ቦታው ራሱ ክብር አልነበረውም ማለት አልችልም፤ ነበረው። ግን ክብሩ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ ስለ ዓለቱ አይደለም፤ ስለ ጸለየው ሰው ነው። ድርጊቱ ቀደመ፣ ቦታው ተከተለ።

መሠዊያው ግድግዳ ሲሆን

ይህ ሐሳብ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከከተማችን ወጣ እንበል። በቴል ቤርሼባ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ዮሐናን አሃሮኒና ባልደረቦቹ ሲቆፍሩ በአንድ መጋዘን ግድግዳ ውስጥ እንግዳ ጥርብ ድንጋዮች አገኙ። ሲገጣጠሙ አራት ቀንድ ያለው መሠዊያ ሆኑ። በአንዱ ድንጋይ ላይ እባብ ተቀርጾበታል። ዋናው ዛሬ በኢየሩሳሌም የእስራኤል ሙዚየም ነው፤ በቴሉ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ቦታው ከመጊዶና ከሐጾር ጋር በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

የተማሪ ቡድን ሲጎበኝ ሁሉም ቀንዶቹን ያያል። እኔን የሚገርመኝ ግድግዳው ነው። አንድ ቀን መሥዋዕት ይቃጠልበት የነበረ ድንጋይ፣ በስምንተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት ፈርሶ የእህል መጋዘን ግንብ ሆነ። ብዙዎች ይህን ከንጉሥ ሕዝቅያስ ተሐድሶ ጋር ያያይዙታል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። የማይከራከሩበት ግን አለ፤ ሥርዓቱ ሲቀር ድንጋዩ የካብ ድንጋይ ሆነ። ግንበኛው አንሥቶ ደረደረው።

ሌላም ነገር አለ። የዘጸአት ሕግ የድንጋይ መሠዊያ በጥርብ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ የቤርሼባው ግን ጥርብ ነው። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት «ድንጋይ» የሚለው ቃል አይበቃም፤ «ጥርብ» እና «ያልተጠረበ» የግድ ያስፈልጋሉ። አያቶቻችን ይህን ሕግ በግዕዝ ሰምተው የኖሩ ናቸው፤ ቴሉ ላይ ብንወስዳቸው ምናልባት ከሁላችን ቀድመው «ይሄማ ተጠርቧል!» የሚሉት እነሱ ናቸው።

ጹር

የዕብራይስጥ ተናጋሪ ጓደኛዬ፣ «ግን እኛም እግዚአብሔርን ጹር እንለዋለን፤ ዓለት መቅደስ ምን ነውር አለው?» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። የሃአዚኑ መዝሙር እግዚአብሔርን ደጋግሞ ጹር ይለዋል። በ1948 የነጻነት አዋጅ መጨረሻ ላይ ያለው «ጹር ይስራኤል» ደግሞ ሃይማኖተኞችንም ዓለማውያንንም እንዲያስማማ የተመረጠ ነው። በዕብራይስጥ ጆሮ ዓለት የአምላክ ስም ነው።

የግዕዙ ኦሪት ግን የተተረጎመው ከግሪኩ ነው፤ የግሪኩ ተርጓሚዎችም በሃአዚኑ ውስጥ ጹር ያለበትን ቦታ «አምላክ» ብለው ነው ያለፉት። ምሳሌው በመንገድ ቀረ። ስለዚህ በግሪክ በኩል የመጣውን ኦሪት የሰሙ አያቶቻችንና በዕብራይስጥ የተማርን እኛ አንድ መዝሙር እያነበብን ሁለት ሥዕል ነው የምናየው። እነሱ ስለ ስግድ ድንጋይ ሲነግሩን በቃሉ ውስጥ የአምላክ ጥላ የለበትም። እኛ ስንሰማው ጥላውን ይዘን እንሰማዋለን። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የትርጉም ታሪክ ነው። ግን በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ይገባው ነበር።

እዚህ ላይ ትግርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን መርሳት አይገባም። ወረቀቶቹ በአማርኛ ብቻ ሲታተሙ አንድ ቅርብ መንገድ ይዘጋሉ። ድንጋይ በትግርኛ እምኒ ነው፤ በግዕዝ እብን፤ በዕብራይስጥ ኤቨን። ዘመድነታቸው በጆሮ ይሰማል። የአማርኛው ድንጋይ ከነዚህ ጋር አይዛመድም። ዓለት በትግርኛ ከውሒ ነው፤ በግዕዝ ኰኵሕ። አንድ ልጅ ከአያቱ እምኒን ሰምቶ በክፍል ውስጥ ኤቨንን ሲያነብ ሁለቱ ቋንቋዎቹ ወንድማማች መሆናቸው ይገለጥለታል። ይህን ከማንኛውም ንግግር በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ለሚቃወሙኝ

«ልጆቹ አማርኛ ማንበብ እንኳ ይቸገራሉ፤ አንተ ቋጥኝና ጭንጫ ትላለህ» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ቀላል አማርኛ ማለት ትንሽ አማርኛ ማለት አይደለም። «ጠጠር» ከ«ትንሽ ድንጋይ» አይከብድም፤ እንዲያውም ያጥራል። ደግሞም ወረቀቱን የሚያነበው ልጁ ብቻ አይደለም፤ አያቱ ታነብበታለች ወይም ይነበብላታል። የማታውቀውን «ማኮም ካዶሽ» ከመስማት የምታውቀውን «አምባ» ብትሰማ የመናገር ተራው የእሷ ይሆናል። እሷ ተናጋሪ፣ ልጁ ጠያቂ የሚሆኑበት አጋጣሚ በቤታችን ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአካዳሚ ነው፤ የቃላት ዝርዝር ታሪክ አይሆንም ይባላል። አዎ፣ አይሆንም። ግን ታሪክ የሚነበብበት ዓይን ቃሉ ነው። አምባ የማያውቅ ሰው የስሜንን ጦርነት፣ ካብ የማያውቅ የስግድን ድንጋይ፣ ጥርብ የማያውቅ የቤርሼባን መሠዊያ ሙሉ በሙሉ አያየውም።

ለሚቀጥለው ኼሽቫን ለሚዘጋጁት ወረቀቶች የምጠይቀው ጥቂት ነው። የስሜን ከፍታ ሲነሣ አምባ ይባል፤ በዕብራይስጡም ገጽ «አምባ» ተብሎ ይቀመጥና መጻዳ በምሳሌነት ይጠቀስ። ሰዎች የተሸከሙት ድንጋይ፣ የቆሙበት ዓለት፣ ያስቀመጡበት ካብ ተብሎ በየስሙ ይለይ። «ቅዱስ ቦታ» ከማለት «የስግድ ቦታ» ይባል፤ ከጎኑም ሰገደ በግዕዝና ሳጋድ በዕብራይስጥ አንድ ዓይነት መዓዛ እንደሌላቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የትግርኛው ስም በቅንፍ ይግባ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ገጽ ሩብ አይበልጥም።

ወረቀቱ እስኪታተም ግን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የሚቀጥለውን የቲዩል ፎቶ ከስልካችሁ አውጡና ለአንድ ትልቅ ሰው አሳዩ። «ይሄ ምን ይባላል?» በሉ። መልሱን ጻፉት። ድንጋይ ብቻ እንደማይሏችሁ እርግጠኛ ነኝ።